ጋሽ ከበበው አውሮፕላን ማረፊያ የሄዱ ዕለት

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር በማለዳ በር ሲንኳኳ ሐበሻ ሁሉ ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል፤ «ጋሽ ከበበው ናቸው?» እሳቸው ከሆኑ በሩ የሚከፈተው በግድ ነው። ከፋቹም ግድግዳ ተደግፎ ነው።

ጋሽ ከበበው ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እንዲያውም ጅቡቲ ካለው ሐበሻ እንደ እሳቸው ሆደ ቡቡ አይገኝም። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ስማቸውን ያስጠራው ግን መርዶ ነው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ በወጉ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የሚደግፉ ሴቶችና የሚይዙ ወንዶች አስከትለው፣ በጣት አንጓ ቀስ አድርገው ያንኳኳሉ። አነጋገራቸው ከማማሩ የተነሳ ሟቹ ራሱ ቢሰማ «እሰይ እንኳንም ሞትኩ» ይላል እየተባለ ይቀለዳል።

የሙያው ዕዳ ግን ከባድ ነው። ስኳር ሊዋሱ ጎረቤት ሲሄዱ እንኳ ገና ከሩቁ «ለደኅና ነው! ለደኅና ነው!» እያሉ መጮህ አለባቸው። አንድ ጊዜ ረስተውት ዝም ብለው ቢያንኳኩ፣ ሎሚ የምትባለው ፀጉር ሠሪ ደረቷን ይዛ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እሳቸው የመጡት የቀሚሷን ልክ ሊወስዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠርግም ልደትም አይጠሯቸውም፤ ጉዞ ያለው ሰው ደግሞ ዋዜማውን በሱቃቸው በኩል አያልፍም።

ሻሼ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ስልኳ ሲጮህ፣ ቁጥሩ የአዲስ አበባ መሆኑን ስታይና የደሳለኝን ድምፅ ስትሰማ፣ መጀመሪያ የታያት የጋሽ ከበበው ነጠላ ነው።

ሻሼ በምትሠራበት በእትዬ በለጡ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ደሳለኝ የሰብለወርቅ ወንድም ነው፤ ሰብለወርቅ ደግሞ ለሻሼ ከእህት አታንስም። ከአገር የወጡት አብረው፣ ሃያብለ ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል የተከራዩት አብረው፣ በሐምሌ ሙቀት አንድ ቬንትሌተር የተሻሙት አብረው ነው። አሁን ሰብለወርቅ ሄሮን በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ የወደብ መሐንዲስ የሆነ ፈረንጅ ቤት እየኖረች መንታ ልጆቹን ታሳድጋለች።

«እማዬ ሌሊት አረፈች» አለ ደሳለኝ። «ቀብሩን ለሰብሊ ስንል ነገ አድርገነዋል። በወጉ አርዷትና በመጀመሪያው አውሮፕላን ላኩልን።»

ሻሼ ቢላዋውን አስቀመጠች። ለወትሮው ሽንኩርት አያስለቅሳትም ነበር። ከዚያ ደሳለኝ የማያውቀውን ነገር ነገረችው። መሐንዲሱ ሥራ ቀይሮ ቀድሞ ሄዷል፤ ሚስቱ ማዳምና ልጆቹ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይከተሉታል፤ ሰብለወርቅም አብራ ትሄዳለች፤ የሚሄዱትም ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ነው። አውሮፕላኑ የሚያልፈው በአዲስ አበባ በኩል ነው።

«በአዲስ አበባ ታልፋለች?» አለ ደሳለኝ። ደገመው። «እንዴት አድርጋ ነው የምታልፈው?»

እትዬ በለጡ ወሬውን እንደሰማች የምግብ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ሽማግሌ ሰበሰበች። ሽማግሌ ሲባል ጋሽ ከበበውና ፀጋዬ ናቸው። ፀጋዬ ገና አርባ ዓመቱ ነው፤ ግን ትራንዚተር ስለሆነ ይጠሩታል። ትራንዚተር ማለት ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን ኮንቴይነር ከወደብ የሚያስፈታ ሰው ነው፤ ፀጋዬ እንደሚለው ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ እሱ ያላሳለፈው ሚስማር አልተመታም።

ሻሼ አሁኑኑ ሄሮን ሄዳ ልትነግራት ፈለገች። ጋሽ ከበበው እጃቸውን አነሱ። ፀሐይ ወጥታለች፤ መርዶ ፀሐይ ከወጣ አይነገርም፤ ፊቷን ታጥባ ቁርሷን የበላች ሰው ድንገት አትመታም። ሁለተኛ፣ በሰው ቤት አይረዳም። በፈረንጅ ቤት ማን ደግፎ ያስለቅሳታል? ማዳም ውኃ በብርጭቆ ሰጥታ «አይዞሽ» ብትላት ያ ለቅሶ ነው? ሦስተኛ፣ መንገደኛ አይረዳም፤ እግሩ ይተሳሰራል። ስለዚህ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ።

ሻሼ ነገ ጎህ ሲቀድ ሰብለወርቅ ባሕር ላይ ናት አለች።

«ባሕር ላይ ስትይ» አሉ ጋሽ ከበበው፣ «ይኼ አገር ምን ያህል ቢርቅ ነው?»

ይኼኔ ፀጋዬ ስልኩን አወጣ። ፈለገ፣ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥታ በአየር አሥር ሺህ ከምናምን ኪሎሜትር ነው አለ። በመኪና ስንት ይሆናል ብላ እትዬ በለጡ ጠየቀች። ፀጋዬ የምሩን ፈልጎ «መንገድ አልተገኘም ይላል» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ሌላ ገጽ ከፈተ፤ የዚያኛው ርቀት ከፊተኛው በትንሽ ይለያል፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ከጋሽ ከበበው ጋር ተከራከሩ። አንደኛው ከመሀል ከተማ ነው የለካው፣ አይደለም ከአየር ማረፊያው ነው እየተባባሉ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሻሼ ተራ በተራ ታያቸዋለች። ሴትዮዋ አዲስ አበባ ተገንዛ ተኝታለች፤ እዚህ ሳኦ ፓውሎ ይለካል።

መፍትሔውን ያገኘው ፀጋዬ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ትቆያለች። ታዲያ ወንድሟ እዚያው ቦሌ ሄዶ ለምን አያረዳትም? የሥጋ ዘመድ እያለ ባዳ ለምን ይቸገራል? በአገሯ አፈር፣ በወገኖቿ መሀል ትሰማና ከዚያው ወደ ለቅሶው ቤት ትሄዳለች።

ጋሽ ከበበው ጎህ አለመሆኑ ትንሽ ከነከናቸው፤ ሆኖም የሥጋ ዘመድ የሚለው አሸነፋቸው። ሁሉም ከላዩ ድንጋይ እንደወረደለት ተነፈሰ። እትዬ በለጡ እንደውም ምሳ ላቅርብ አለች።

«ደሳለኝ ውስጥ እንዴት ይገባል?» አለች ሻሼ።

«ወንድም አይደለም እንዴ?» አለች እትዬ በለጡ። «ይገባል።»

ሻሼ ለደሳለኝ ደውላ ነገረችው። ከዚያ ብቻዋን ሄሮን ለመሄድ ታክሲ ፈለገች፤ ጫት የሚገባበት ሰዓት ስለነበር ግን ከተማው ሁሉ ጫቱ ወደሚወርድበት ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ የሚቆምላት ጠፋ። በመጨረሻ የእትዬ በለጡ ደንበኛ የሆነው ዓብዱረዛቅ፣ ጉንጩን ገና ሳይወጥር፣ እንደ ውለታ ወሰዳት። ዓብዱረዛቅ የጅቡቲ ሶማሌ ነው፤ አማርኛ የተማረው ድሬዳዋ ሚስት ፍለጋ ሲመላለስ ነው። ሚስቱን አላገኘም።

ለምን እንደምታለቅስ ሲጠይቃት ነገረችው። «ኢና ሊላሂ» አለና አንድ መታጠፊያ ዞረ። ከዚያ በመስታወቱ አያት።

«እኛ ሰው ሲሞት እንናገራለን» አለ። «እናንተ ትሰበሰባላችሁ።»

ሄሮን ያለው ቤት ሻንጣ በሻንጣ ሆኗል። ሰብለወርቅ አንዱን ሕፃን አዝላ ሌላውን በክንዷ ይዛ፣ በጉልበቷ ሻንጣ ትዘጋለች። ሻሼን ስታይ ፊቷ በራ። ማዳም አዲስ ጫማ ገዝታላት ነበር፤ እግሯን አንስታ አሳየቻት። ገና ትናንት ማታ ለእናቷ ደውላ በአዲስ አበባ እንደምታልፍ ነግራት፣ እናቷ «ታዲያ በላዬ ላይ ስታልፊ እጅሽን አውለብልቢልኝ» እንዳለቻት እየሳቀች አወራች። ቦሌ ሲደርሱ ለአንድ አፍታ ወጥታ እንድታያት ማዳምን ለምናለች፤ ማዳም ደግሞ እናያለን ብላለች። የማዳም «እናያለን» የእግዜር አይደለም፤ ትርጉሙ አይሆንም ነው አለች።

ሻሼ አፏን ከፈተች። ወዲያው ማዳም በፈረንሳይኛ የጡጦውን ክዳን እየጠየቀች ገባች። ክዳኑ ተፈለገ፣ ተገኘ። ሻሼ እንደገና አፏን ከፈተች፤ የታዘለው ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ሰብለወርቅ እሹሩሩ እያለች በእግሯ አንድ ፌስታል ወደ ሻሼ ገፋች። ውስጡ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ቡናማ ነጠላ ጫማ ነበር።

«ለእማዬ ሰው ሲገኝ ላኪልኝ» አለች። «ያበጠውን እግሯን አያስጨንቃትም፤ አየሽ፣ ይለጠጣል።» ማሰሪያውን ይዛ ለጠጠችው፤ ለቀቀችው፤ ተመለሰ።

ሻሼ ፌስታሉን ይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ወሰነች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ፣ ልክ ከመግባቷ በፊት፣ ወግ ገደል ይግባ፣ እነግራታለሁ።

አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ነገር ተበላሽቶ ቆያት። ሻሼ ብቻዋን ልትሸኛት ነበር ያሰበችው። እትዬ በለጡ ግን የዛሬ ፊቷን ሳላይማ አትሄድም ብላ መጥታለች። ፀጋዬም አለ። እነሱስ ይሁኑ፤ ከዓብዱረዛቅ ታክሲ የኋላ ወንበር ነጭ ጋቢ ቀድሞ ወጣ፣ ቀጥሎ ከዘራ፣ ቀጥሎ ጋሽ ከበበው። ኀዘንተኛ ሳይታይ አይሸኝም፤ ባታውቅም ኀዘንተኛ ናት ብለው ነው። እኚህ ሰው ጅቡቲ በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድም ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝተው አያውቁም፤ የሚሸኝ ሰው መጀመሪያ የሚደብቀው ከእሳቸው ነበር።

ሰብለወርቅ የመንታዎቹን ጋሪ እየገፋች ትመጣ ነበር። ጋሪው ቆመ።

«ለደኅና ነው» አሉ ጋሽ ከበበው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ለደኅና ነው ልጄ። ለመሸኘት ያህል ነው። ለደኅና።»

ሰብለወርቅ አየቻቸው። ከዚያ እትዬ በለጡን አየች፤ ከዚያ ፀጋዬን፤ ከዚያ ሻሼን። ሻሼ የጋሪውን ጎማ ታያለች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች ሰብለወርቅ፤ ቀርባም የጋሽ ከበበውን ትከሻ ሳመች።

ያን ጊዜ እትዬ በለጡ ፈነዳች። የስንብት ለቅሶ ልክ አለው፤ የእሷ ግን ልኩን አልፎ ደረት ወደ መምታት ሄደ። ጋሽ ከበበው በከዘራቸው እግሯን ነካ ነካ ያደርጋሉ፤ እሷ ጭራሽ ባሰባት። ፀጋዬ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነው። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። ማዳም ልቧ ተነካ፤ ኢትዮጵያውያን እንዴት ያለ ፍቅር ነው ያላችሁ ብላ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳቻቸው። የምታጽናናው ሰብለወርቅ ነበረች። እትዬ በለጡን አቅፋ ጀርባዋን መታ መታ ታደርግላታለች።

«ይብቃሽ እትዬ» አለቻት። «ሳኦ ፓውሎ እኮ ነው የምሄደው። ሰው የሚኖርበት አገር ነው።»

ሻሼ ሰዓቱ ሲደርስ እጇን ያዘች። «ሰብሊ፣ አዲስ አበባ ስትደርሺ…» ብላ ጀመረች። ሰብለወርቅ እንደ ቀልድ መዳፏን አፏ ላይ ጫነችባት። መዳፏ በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ነበር።

«አታስለቅሺኝ» አለች። «ልጆቹ ይነሱብኛል።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጫማውን ልከሽው ነበር?»

«ነገ፣ ነገ እልካለሁ።»

«አትቸኩዪ» አለች ሰብለወርቅ።

በሩ በራሱ ተከፈተ፣ በራሱ ተዘጋ። ከመስታወቱ ወዲያ ማዳም ፓስፖርቶቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳይና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ይታያል። ሰብለወርቅ አልዞረችም።

ሲመሽ እትዬ በለጡ ምግብ ቤት ተቀምጠው የደሳለኝን ስልክ ይጠብቁ ነበር። ዓብዱረዛቅም የቀረ ጫቱን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማንም ሂድ አላለውም።

ስልኩ ጮኸ። ሻሼ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ደሳለኝ ቦሌ ደርሷል። አጎቱ አሉ፣ አክስቶቹ አሉ፣ የእድሩ ሰዎች አሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመስታወቱ ውጪ ቆመዋል። ዘበኛው ተጠጉ ሲላቸው ይጠጋሉ፣ ዞር በሉ ሲላቸው ዞር ይላሉ።

«ሻሼ፣ በየትኛው በር ነው የምትወጣው?»

ሻሼ ፀጋዬን አየችው። ኮንቴይነር ሲያሳልፍ የኖረው ፀጋዬ ጠረጴዛውን በጣቱ ይፈትጋል።

«ትራንዚት መንገድ ላይ አይከፈትም» አለ።

ጋሽ ከበበው ምን ማለትህ ነው አሉት። ከአውሮፕላኑ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ አውሮፕላን ነው፤ ውስጥ ያለ አይወጣም፤ ውጪ ያለ ደግሞ አይገባም አለ።

«ታዲያ ጠዋት ቦሌ ያልከው አንተ፣ ይህን ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ፀጋዬ። «እናንተ የጠየቃችሁኝ ርቀቱን ነው።»

ደሳለኝ በስልኩ ውስጥ «ሃሎ፣ በየትኛው በር?» ይላል። ሻሼ መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው። የሰብለወርቅን ስልክ ሞከረች፤ የጅቡቲው ቁጥሯ እዚያ አይሠራም። ደጋግማ ሞከረች። እትዬ በለጡ ድንግል ማርያምን ትጠራለች። ዓብዱረዛቅ ማኘኩን አቁሟል።

ከዚያ የሻሼ ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ጭል ብሎ ድምፅ ሰጠ። የድምፅ መልእክት ነበር፤ ከሰብለወርቅ። በአየር ማረፊያው ዋይፋይ የላከችው መሆን አለበት። ሻሼ ለማንም ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባች፤ ሽንኩርቱ አጠገብ ቆማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ሻሼ፣ እኔ ነኝ» ይላል ድምፁ፣ በሹክሹክታ። «አዲስ አበባ ነኝ፤ መብራቱ በመስታወት ይታየኛል። ስሚኝ፣ መልሰሽ እንዳትደውዪ። ጋሽ ከበበውን አምቡሊ አይቻቸዋለሁ። እኚህ ሰውዬ ማንን ሸኝተው ያውቃሉ? ማዳምን እንደገና ለመንኳት፤ እናቴን ልያትና ልመለስ አልኳት። ፓስፖርቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰዓት ለምን ይበቃል፣ አውሮፕላን ቢያመልጠን ማን ነው ተጠያቂው አለች። ልጆቹ ጭኔ ላይ ተኝተዋል፤ አንዱ ጣቴን ይዟል። ከነገራችሁኝ መውጣት አለብኝ፤ መውጣት ደግሞ አልችልም። ስለዚህ እስክደርስ አትንገሩኝ። ደሳለኝንም እንዳይነግረኝ ንገሪው። እማዬ እስክደርስ በሕይወት አለች፤ ገባሽ? ጫማውን አስቀምጪው። ጠሩን መሰለኝ።»

ከዚያ የሴት ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሲናገር ተሰማ፤ ከዚያ የሕፃን ሳል፤ መልእክቱ አለቀ።

ሻሼ መልእክቱን እንደገና አልሰማችውም። ፊቷን በቧንቧ ውኃ ታጠበች፤ የጅቡቲ ውኃ ግን በዚያ ሰዓት እንኳ አይቀዘቅዝም። በበሩ ስንጥቅ ጋሽ ከበበው ይታዩዋታል። ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ነገ ለሰብለወርቅ በስልክ የሚናገሩትን እየተለማመዱ መሆኑ ገባት። ያማረ ነገር ይሆናል፤ መቼም እሳቸው ናቸው። ለእኚህ ሰው «አፍዎን ሳይከፍቱ፣ ከታክሲ በመውረድ ብቻ አርድተዋታል» ብሎ ማን ነው የሚያረዳቸው? በየትኛው ጎህ?

ለደሳለኝ ደወለች። ተመለሱ አለችው፤ ቀብሩንም አትያዙ።

«ሳናረዳት?» አለ።

«ሳናረዳት።»

«እና አላወቀችም?»

ሻሼ የውኃውን ቧንቧ ዘጋች። «አላወቀችም» አለች። ከኋላው የሴቶች ለቅሶ ይሰማል፤ ሊደግፏት የመጡት ሴቶች፣ የሚደግፉት ሰው አጥተው፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ያለቅሱ ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ፌስታሉን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ጋሽ ከበበው ወደ ፀጋዬ ዞሩ።

«ከዚያ እስከዚያ ስንት ሰዓት ይበራል አልከኝ?»

ፀጋዬ ስልኩን ሳያወጣ መለሰ። «አሥራ ሁለት ግድም። ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠመው ደግሞ ይዘገያል።»

«ኤዲያ!» አሉ ጋሽ ከበበው። «ረጅም ነው።»

ሻሼ በፌስታሉ ውስጥ እጇን ከታ የጫማውን ማሰሪያ ለጠጠችው፤ ስትለቀው ተመለሰ። እንደገና ለጠጠችው፣ ይዛውም ቆየች። ዓይኗን ጨፍና ነፋሱ አውሮፕላኑን እንዲገጥመው፣ አጥብቆ እንዲገጥመው፣ ጸለየች።